1888 የሚል ጠመንጃ

በየቤቱ ተሰቅሎ የቀረ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ የዓድዋ ነው። «ይቺ የአያቴ ናት፤ ከየት እንዳመጣት ግን እንጃ» የሚል ወራሽ እስካሁን አልገጠመኝም። መልሱ አንድ ነው፦ «ዓድዋ ላይ ጣሊያኑን ጥሎ የማረካት ናት»። የሚባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የጄኔራል ባራቲዬሪ ወታደር እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጠመንጃ አንግቶ መምጣት ነበረበት።

ሰው በአያቱ ቢኮራ የሚከፋው የለም። ግን ጠመንጃ እንደ ጋሻና እንደ ጦር ባለቤቱ ያወራለትን ሁሉ ተሸክሞ ዝም የሚል ዕቃ አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ብረት ነውና የተሠራበት ከተማ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ በኋላ ዘመን የተቀየረለት አካል ሳይቀር ገላው ላይ ይታያል። የሚያነበው ጠፍቶ ነው እንጂ። አንዱ ወራሽ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ጽሑፉን ያጠፋዋል፤ ሌላው «ብረት ነው» ብሎ ይሸጠዋል፤ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለእንግዳ ዓድዋን ይተርክበታል። የሦስቱም ጥፋት አንድ ነው፤ ጠመንጃውን ቀረብ ብለው አላዩትም።

ለማየት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ጎርሶ እንደሆነ ይመርምር። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ጣቱን ከቃታው አርቆ፣ ቀስ ብሎ አቀባብሎ ውስጡን ይይ። ስልሳ ዓመት ማገር ሥር ተጋድሞ የኖረ ጠመንጃ «ባዶ ነው» የተባለው ከስልሳ ዓመት በፊት ነው፤ ያለውም ሰው ሞቷል። ማቀባበያው ዝጎ እንቢ ካለ በመዶሻ አይመታም፤ ለሚያውቅ ሰው ይተዋል። ደግሞም «ለሠርጉ አንድ ሁለት እናሰማበት» የሚል ጎረምሳ አይጠፋምና ይህም ይታወቅ፦ የጥንቶቹ ጠመንጃዎች የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ባሩድ ጉልበቱ ሌላ ነው፤ መቶ ሠላሳ ዓመት የዛገ ብረት ሊሸከመው አይገደድም፤ የሚፈነዳውም ተኳሹ ጉንጭ ሥር ነው።

የመንደሩ ስም ለመለየት ብዙ አይረዳም። ምንሽር በቀረርቶ ስለተወደደ መልከ መልካም ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ይባላል። ያረጀው ሁሉ ጓንዴ ነው። አንድ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላት መጥቶ የሚደርስበት ደግሞ «ቆመህ ጠብቀኝ» ነው። (ይህን ስም ያወጣው ሰው ተዋግቶበት የተረፈ መሆን አለበት።) ስለዚህ ስሙን ትቶ አሠራሩን ማየት ይሻላል።

የማቀባበያ እጀታ ከሌለውና በስተኋላው በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚገለበጡ ሁለት ጎባጣ ብረቶች ካሉት ሬሚንግተን ነው። ከጎባጣዎቹ ኋላ፣ ብረቱ ሰደፉን የሚይዝበት ላይ፣ የአሜሪካዊውን ፋብሪካ ስምና «ኢሊየን፣ ኒው ዮርክ» የሚል ጽሑፍ ይገኝበታል፤ በጣት እየዳሰሱ በደህና ብርሃን ቢያዩት አይታጣም። ግብጾች በብዛት ገዝተው የታጠቁት ይህንን ነበር። በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎም ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሲመታቸው ሬሚንግተን በሺዎች እጃችን ገባ። በኋላ በንግድም መጥቷልና ያገኘነው ሁሉ ምርኮ ነው አይባልም፤ ቢሆንም ትግራይ ወይም ሐማሴን ያለ ቤተሰብ እጅ የሚገኝ ሬሚንግተን «የዓድዋ» ከሚባል «የጉራ» ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል። ጉራን ግን ማን ያስታውሳል? ሁለት የግብጽ ጦር በአንድ ዓመት የተደመሰሰበት ዘመቻ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር እንኳ አላገኘም።

ረጅም ሆኖ፣ ካዝና የሌለው፣ ወፍራም ጥይት አንድ አንድ እያለ የሚጎርስ፣ የማቀባበያው እጀታም ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የወጣ ከሆነ ውጅግራ ነው። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ያስተካከለው፣ ጦሩም እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ ውስጡ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ስትታጠቅ ውጅግራው ከሠራዊቱ መጋዘን ወጥቶ ለነጋዴ ተረፈ፤ ነጋዴውም በኦቦክና በጅቡቲ አሳልፎ፣ በግመል ጭኖ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ አስገባው። ለበን ራሱ በአፈሙዙ ሥር፣ እንጨቱ ውስጥ በተሰወረ ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል፤ ጭስ በሌለው ባሩድ የተኮሰ የመጀመሪያው የመደበኛ ጦር ጠመንጃ ነው። ጭስ የለውም ማለት ተኳሹ የት እንደተኛ አይታወቅም ማለት ነው፤ ለበን የያዘ ሰው የሚከበረው በዋዛ አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ዓድዋ ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን ጠመንጃዎች ዋና ዋናዎቹ የተማረኩ ሳይሆኑ የተገዙ ናቸው። በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡና ተከፍሎባቸዋል። ከውጫሌ ውል ጋር ተያይዞ የመጣው የጣሊያን ብድር እንኳ መልሶ ጠመንጃ ሆኗል፤ ጣሊያን ያበደረችበትን ብር ዓድዋ ላይ በአፈሙዙ በኩል አየችው ማለት ነው። ይህ የምኒልክ ብልሃት ከምርኮ ያነሰ ክብር ያለው አይመስለኝም። ወራሾች ግን «ተገዛ» የሚለውን ቃል ይጸየፉታል። አያታቸው ሁለት በሬ ሸጦ ጠመንጃ መግዛቱን ከሚሰሙ ባዶ እጁን ሄዶ ነጥቆ መጣ ቢባል ይመርጣሉ። ባዶ እጁን የሚዘምት ሰው ምን ይባል እንደነበር አያትየው ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር።

ንግዱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲገባ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሥራውን ሳያፍር ያስረዳል፦ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ አሮጌ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ሊዬዥ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ምኒልክ ዘንድ በ40 ፍራንክ ይሸጣሉ። መቼም አምስት እጥፍ ነው። ንጉሡ ግን ከእሱ የባሱ ነጋዴ ሆነው ተገኙና ዋጋውን ሰብረው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ሸኙት። ዛሬ ከዚያ ጭነት አንዱ በአንድ ቤት ማገር ላይ ቢገኝ በጠመንጃነቱ ቁራጭ ብረት ነው፤ የራምቦ መሆኑ ቢረጋገጥ ግን የፓሪስ ሙዚየሞች ይሻሙበታል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ጥይት በሚጎርስበት ክፍል አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ታትሞበት፣ ጎኑ ላይ «ኤርስታል፣ ቤልጂክ» የሚል ካለበት ቤልጅግ ነው። ቤልጂጎቹ የክብር ዘበኛን ማሠልጠን በጀመሩበት በ1920ዎቹ የገባ ነውና ማይጨውን እንጂ ዓድዋን አያውቅም። ዘውድና የእንግሊዝ ንጉሥ ስም ምሕጻር ያለበት፣ 10 ጥይት የሚጎርስ ካዝና የወጣለት የእንግሊዝ ጠመንጃ ነው፤ አብዛኛው ከ1933ቱ ድል ጋር የመጣ። ኤም ዋን የአሜሪካ ነው፤ ኮሪያ የዘመቱት ቃኘው ሻለቃዎች የታጠቁት እሱን ነበር። ሩስያኛ ፊደል ያለበት ባለ አንድ ጎራሽ ደግሞ በርዳን ነው።

የጣሊያኑን ግን ሰፋ አድርጌ ልመለከተው እወዳለሁ፤ ውሸቱ የሚበዛው እሱ ላይ ነውና።

ጣሊያን ካርካኖ የሚባለውን 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ዓድዋ የተሰለፈው ጦር ግን በአብዛኛው የታጠቀው አሮጌውን ቬተርሊን ነበር፤ ውስጡ 10.35 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ በኋላም አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተገጠመለት። ስለዚህ ካርካኖ ይዞ «የዓድዋ ነው» የሚል ሰው አስቀድሞ ዓመቱን ይፈልግ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው «ቴርኒ» ወይም «ጋርዶኔ» የሚል ስም፣ አጠገቡ 1935 ወይም 1936፣ ከዚያም በሮማውያን ቁጥር አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ነው። የሮማው ቁጥር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ የተሠራ ብረት ምኒልክ ፊት አይማረክም።

ዓመቱ ራሱ ግን ወጥመድ አለው። ጠመንጃ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ዘመን ነው። ቬተርሊዎቹ አብዛኞቹ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ ከነሱም መካከል 1888 የሚል ታትሞባቸው የወጡ አሉ። ኢትዮጵያዊ ወራሽ ይህን ቁጥር ሲያይ ልቡ ቀጥ ይላል። የካቲት 23 ቀን 1888! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

ዘንድሮ የአክስቴ ልጆች የጠሩኝ በዚሁ ቁጥር ነው። ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። አክስቴ መርሐ ቤቴ ያለውን ቤት ዘግታ ልጆቿ ዘንድ ልትጠቃለል ነው፤ ማሳውም ከብቱም በስምምነት ተከፋፍሎ ጠመንጃው ላይ ሲደርሱ ወንድማማቾቹ ተኮራረፉ። ጠመንጃ እንደ ማሳ አይከፈልም። ታላቁ «ለበኩር ነው» ይላል፤ ታናሹ «አባቴን እስከ መጨረሻ የጦርኩት እኔ ነኝ» ይላል። በዚህ መሐል አንዱ የልጅ ልጅ በስልኩ መብራት አፈሙዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ «1888» ብሎ ጮኸ። ጠቡ ከዚያ ወዲያ ባሰ።

ጠመንጃውን ጋቢ ላይ አጋድመው አሳዩኝ። የአፈሙዙ መነሻ ጠፍጣፋ ጎን ላይ «ቶሬ አኑንዚያታ 1888» ይላል፤ ኔፕልስ አጠገብ ያለ የጣሊያን መንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ጥርጥር የለውም፣ ቬተርሊ ነው። «ይኸው! የተጻፈ ነገር አይዋሽም» አለኝ ታላቁ፤ አሸናፊ ሆኖ። የፈረንጅ 1888 በእኛ 1880 ወይም 1881 እንደሆነ ነገርኩት። ለጊዜው ቅር ቢለውም ወዲያው ተጽናና፤ ከዓድዋ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሠራ ጠመንጃ ዓድዋ ላይ ሊገኝ ይችላላ! እውነቱን ነው፤ ይችላል።

እርሳስ አምጡልኝ አልኩ። የልጆቹን ተራ እርሳስ ሰጡኝ። 10 ሚሊ ሜትር ያለፈ ቀዳዳ ውስጥ እርሳስ ወለል ብሎ ገብቶ መወዛወዝ አለበት። የዚህኛው አፈሙዝ ግን የተቀረጸውን ሹል ብቻ ተቀብሎ ቀጥ አደረገው። አፉን በመብራት ስናየው ሁለት ክብ ይታያል፤ ውጪኛው የጥንቱ ወፍራም ብረት፣ ውስጠኛው ደግሞ በኋላ የገባለት ቀጭን ቱቦ። ካዝናውም የጥንቱ ባለ አራት አይደለም፤ እንደ ካርካኖ ስድስት ጥይት በአንድ ማቀፊያ የሚጎርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1915 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ጠመንጃ አጠራት። ያረጁትን ቬተርሊዎች ከመጋዘን አወጣች፤ ውስጣቸውን ቦርቡራ የ6.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሰገሰገችባቸው፤ የካርካኖን ጥይት እንዲጎርሱ ካዝናቸውን ለወጠች። የድሮው ከተማና የድሮው ዓመት ግን አፈሙዙ ላይ እንዳለ ቀረ። እንግዲህ የአክስቴ ጠመንጃ በ1888 ተወልዶ፣ ከዓድዋ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ አንጀቱ የተቀየረ ነው። ዓድዋ የተማረከ ቬተርሊ ተመልሶ ጣሊያን ሄዶ ቱቦ አስገብቶ አይመጣም።

እነዚህ የተለወጡ ቬተርሊዎች በ1928 ዓ.ም. ወረራ ተመልሰው መጡ። ጣሊያን ደህናውን ካርካኖ ለራሷ ልጆች አድርጋ ይህን አሮጌውን ለቅኝ ወታደርና ከአገሬው ለመለመለችው ትሰጥ ነበር። ይህን ሳስረዳ ወንዶቹ ፊታቸው ጠቆረ። ጥጉ ላይ ጥጥ ስታባዝት የነበረችው አክስቴ ግን ሳቀች።

«እኔ መቼ ዓድዋ አልኩ? እነሱ ናቸው የሚሉት» አለች። «አባቴ ነው ያመጣት፤ በአርበኝነት ጊዜ። ከወንዝ ማዶ ሰው ነው የነጠቃት። ባንዳ ነበር።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽንም እማዬ?»

«የማዶዎቹ ልጅ ወንድሜን አግብታ የለም እንዴ? በሠርጋቸው ላይ ይህን ላውራ?»

ከሰማኋቸው የጠመንጃ ታሪኮች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ዓድዋ ማንንም አያስቀይምም፤ ጠላቱ ሩቅ ነው፣ ባሕር ማዶ ነው። የአምስቱ ዓመት ግን ከጎረቤት ጋር ነው የተዋጉት፤ ከጎረቤት ጋር ደግሞ ተጋብተዋል፣ ማኅበር ጠጥተዋል፣ ለቅሶ ደርሰዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ጠመንጃውን ዝም ብሎ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ገፋው። እንዲህ እየተባለ ስንቱ አርበኛ የገዛ ምርኮውን ለአባቱ አስረክቧል። ዓድዋ የዘመተው አያት ክብሩ ሙሉ ነው፤ ይህች ጠመንጃ ብትቀርበት አይጎድልበትም። በዱር በገደል አምስት ክረምት የከረመው ልጁ ግን ከዚህች በቀር ምልክት የለውም። ቁጥሯን ያነበበ ሰው ለእሱ ሊመሰክርለት ይችላል። ታላቁ የአክስቴ ልጅ አሁንም አልተዋጠለትም፤ «ባትነግረን ይሻል ነበር» ብሎኛል። ይባለኝ።

ወደ ሰደፉ ልመለስ። የአክስቴ ጠመንጃ አንገቱ ላይ፣ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። እርጥብ ሳለ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞ፣ ሲደርቅ እንደ ብረት ይዞታል። ታናሹ ወንድም ይህን ፈትቶ፣ እንጨቱን በቫርኒሽ አስውቦ፣ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አብረቅርቆ ሳሎን ሊሰቅለው አስቦ ነበር። እባካችሁ አታድርጉት። ቶሬ አኑንዚያታ የሠራችው ጠመንጃ በዓለም ላይ ብዙ አለ፤ መርሐ ቤቴ ላይ በበሬ ጠፍር የተጠገነው ግን ይኸው አንዱ ነው። ሰደፍ ላይ በሚስማር የተጫረ ስም፣ የተመታ የነሐስ ጉጥ፣ በቅቤና በእጅ ወዝ የጠቆረ እንጨት፣ ሁሉም እዚህ አገር ስለመኖሩ የሚመሰክሩ ናቸው። ለዝገቱ ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። ብረቱን ማብረቅረቅ ማለት ከተማውን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን መፋቅ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ያብረቀረቀ ቧንቧ ነው።

ስለ ቁጥር ካነሣን፣ አፈሙዙ ላይ ያለው ቁጥርና ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆኑ ጠመንጃው ከነተፈጥሮው ነው። የእኛ አገር ጠመንጃ ግን ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ጠጋኙ ከአንዱ ማቀባበያ፣ ከሌላው ቃታ፣ ከሦስተኛው ሰደፍ እየወሰደ ሦስት ሙት አስነሥቶ አንድ ሕያው ይሠራ ነበር። ፈረንጅ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ብሆን ለጠጋኙ እጅ እጨምርለት ነበር።

«ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ወንድማማቾቹም ሳያፍሩ ጠይቀውኛል። በተዋጊነቱ ምንም አያወጣም፤ ጥይቱ የለም። በሰብሳቢ ገበያም የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ እጅግ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራም፣ ቬተርሊም፣ ካርካኖም፣ ቤልጅግም፣ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። አብዛኞቹ በጥቂት መቶ ዶላር ነው የሄዱት። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች ዛሬ የአያቶቻችሁን ጠመንጃ ጎረቤታችሁ ፈረንጅ ሳሎን ውስጥ ብታዩት እንዳትደነግጡ። እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የአገሩ ፌዴራል ሕግ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ተራ መሣሪያ አይቆጥረውም፤ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ግን ይለያያልና ሳይጠይቁ መግዛት ጣጣ ነው። ከአገር ቤት ይዞ ለመውጣት ግን አይታሰብ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል።

እነዚያ መጋዘን ውስጥ የነበሩት የሄዱት ባለቤት ስለሌላቸው ነው። ማን እንደታጠቃቸው፣ የት እንደተማረኩ፣ ማን እንዳስረከባቸው የተጻፈ አልነበረምና በክብደትና በብዛት ተሸጡ። ገዢዎቹ ደግሞ ከጽሑፉ ላይ እያነበቡ፣ በጠፍር ጥገናው እየተደነቁ፣ «ይህ ጦርነት ያየ ይሆን?» እያሉ ይጠያየቃሉ። መልሱን የሚያውቁት አሮጊቶች እዚህ ጥጥ ያባዝታሉ።

አገር ቤት ያለው ወራሽ ሌላ ራስ ምታት አለበት። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ የአያት መሆኑ ፈቃድ አይሆንም። «ላስገምት» ብሎ በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ መሳፈር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኬላ ላይ ታሪኩን የሚሰማ የለም። ጠመንጃው ካለበት ሳይነቃነቅ ለሚያውቅ ሰው ፎቶ ማሳየት በቂ ነው፤ ፈቃዱን ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ መጠየቅ። ጊዜው የሰላም አይደለምና የመሣሪያ ቁጥጥሩ መጥበቁን አልቃወምም። ፖሊሶችን የምለምነው አንድ ነው፦ የተረከባችሁትን ወይም የያዛችሁትን አሮጌ ጠመንጃ ከክላሽ ጋር ቀላቅላችሁ ከማስወገዳችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ወይም ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍሎች አንድ የሚያነብ ሰው ጥሩ። ውጅግራ ይዞ ያመፀ ሽፍታ በዚህ ዘመን አልሰማሁም።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ካለ፣ ከርክክቡም ከሽያጩም በፊት የአፈሙዙን መነሻ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል አናትና ጎን፣ የማቀባበያውን ቁጥር፣ የሰደፉን ግራና ቀኝ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ። ቀጥላችሁ ወንዶቹን ትታችሁ አሮጊቷን ጠይቁ፤ ከማን እንደመጣ፣ በየትኛው ክረምት፣ ማን እንደጠገነው። የምትነግራችሁን ሳታሳምሩ ጻፉት፤ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ አስቀሩ፣ አንዱን ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ።